ቤት አልባው ምክትል

«እሷማ የት ትሄዳለች?» አለ ምክትሉ ለእናቱ። ይህን ሲል የተቀመጠው በሚስቱ አባት ወንበር ላይ ነው፤ ከራሱ በላይ ያለውን ጣሪያ ያስመቱት የሚስቱ አባት ናቸው፤ የሚያማስለውን ሻይ ያፈላችውም ሚስቱ ናት። እናቱ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነበር። ፍቺው ለወረቀት ብቻ ነው ተብሎ ከተፈረመ በኋላ ልጅቷ እውነት ብታደርገውስ? እሱ ግን ጥያቄውን እንደ ዝንብ በእጁ መለስ አድርጎ ማንኪያውን ላሰና፣ የት ትሄዳለች አለ። ሚስቱ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ወደ መንገዱ በሚከፈተው ክፍል ውስጥ ጀሶ እየበጠበጠች ነበር። ጥርስ ሠሪ ናት። የሰው ድድ ልክ ወስዳ በጀሶ ታወጣለች፣ የወለቀውን በሰው ሠራሽ ትተካለች። ጀሶ አንዴ ከተበጠበጠ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ እጇን አላቆመችም። ልኩን ሞልታ፣ አረፋውን አስወጥታ፣ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠችው በኋላ ነው ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው። የት እንደምትሄድ አሰበች። የትም መሄድ አያስፈልጋትም ነበር። ቤቱ የእሷ ነው።

ይህ ከሆነ አራት ወር አለፈው። ነገሩ የመጣው ከምክትሉ መሥሪያ ቤት ነው። ሰውዬው የንብረት ክፍል ምክትል ኃላፊ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አራት ኃላፊዎችን ተቀብሎ አራቱንም ሸኝቷል፤ ቢሮውም ሰፈሩም ስሙን ትቶ ምክትሉ ነው የሚለው፣ እሱም ሙገሳ መስሎት ደስ ይለዋል። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ ባለ ሰባት ፎቅ መኖሪያ ሊያሠራ ሲነሣ ደንብ ለጠፈ፤ በራሱም ሆነ በትዳር ጓደኛው ስም ቤት ያለው ሰው አይመዘገብም ይላል። ምክትሉ ደንቡን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ መጣና ራት ላይ፣ የጎረሰውን ሳይውጥ፣ መፋታት አለብን አላት። መፋታት አለብን ያለበት ድምፅ፣ መጋረጃው መታጠብ አለበት ከሚልበት ድምፅ አይለይም። ለወረቀት ብቻ ነው፤ የአዲሱን ቤት ቁልፍ ሲረከብ ተመልሰው ይጋባሉ፤ ያኔ ሁለት ቤት ይኖራቸዋል፤ አንዱን ያከራያሉ። እናቱን ያማከረው በማግሥቱ ነው፤ ያቺን ቃል የሰማችውም ያን ጊዜ ነው።

በግልጽ ፍታኝ ብትለው ኖሮ የሚመጣውን ታውቀዋለች። ዘመድ አዝማድ ይሰበስባል። ቀለም ቀብቻለሁ፣ ቧንቧ አስገብቻለሁ፣ የጓሮዋን ክፍል ያሠራሁት እኔ ነኝ ብሎ ከአባቷ ቤት እኩሌታውን ይጠይቃል። ነገሩ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ስድስት ሰባት ዓመት ይጎተታል። የአጎቱ ልጅ ሚስቱን እንዲህ አድርጓታል፤ ምክትሉ ያንን ዘመዱን ሲያነሣው በአድናቆት ነው። አሁን ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በራሱ እግር ሄዶ፣ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ምንም የለኝም ብሎ ሊፈርም ነው። ከእሷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር፤ ዝምታ ደግሞ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር በደንብ የሠለጠነችበት ነገር ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠራትም። ለመጠርጠር ቀና ብሎ ፊቷን ማየት ነበረበት።

ጠበቃው ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቋቸዋል። የማስመሰያ ወረቀት አልጽፍም፣ እዚህ የሚጻፈው የሚሆነው ነው፣ ከተፋታችሁ ተፋታችሁ አላቸው። ምክትሉ ጠቀሰው። ጠበቃውም ጥቅሻውን፣ ሰው ፊት አፍንጫውን የሚጎረጉር ሰው እንደሚታይ አይቶ ዞር አለ። ከዚያ እሱን በረንዳ ላይ አስወጥቶ ሴትዮዋን ለብቻዋ፣ ፈቃድዎ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። የእኔ የምር ነው አለችው። ጠበቃውም ለእኔ የሁለታችሁም የምር ነው ብሎ ብዕሩን አነሣ። ፍርድ ቤቱ እንደ ደንቡ የሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሰጣቸው። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ምክትሉ ያሰበው አራተኛው ፎቅ ይሻላል ወይስ አምስተኛው የሚለውን ነው።

ዛሬ የመጨረሻው ቀጠሮ ነው። ምክትሉ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ፂሙን ተላጨ፤ ግራጫ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ቀይ ክራባት አሥሮ መስታወት ፊት ቆመና ፊቱን ቅጭም ማድረግ ተለማመደ። ሐዘን ፊቱ ላይ አልቀመጥ አለው፤ በመጣ ቁጥር ሆድ ቁርጠት ይመስላል። አማቷ ቁርስ ላይ ዳቦውን በጣታቸው እየቆረሱ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩትና ያን ክራባት አውልቅ፣ ልትፈታ እንጂ ልትሞሸር አይደለም የምትሄደው አሉት። አወለቀው። አማቷ በዚህ ቤት ሰባት ዓመት ኖረዋል። የሚተኙት በአባቷ መኝታ ቤት ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በስሟም በዝምድናም ጠርተዋት አያውቁም። ልጅቷ ነው የሚሏት፤ ልጅቷ ወጥ ጨው አብዝታለች፣ ልጅቷ በር አልዘጋችም ይላሉ፣ አጠገባቸው ቆማ እየሰማች። ልጅቷ አርባ አራት ዓመቷ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንድ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ የሚሰማው የሰሃንና የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው።

«ዳኛዋ ምክንያት ከጠየቀች የአንቺ ጠባይ ነው እንበል» አላት ምክትሉ ጫማውን እያሠረ። «በእኔ ከሆነ ወሬው መሥሪያ ቤት ይደርሳል።»

«ጥሩ» አለችው።

«አይክፋሽ እንግዲህ። ለወረቀት ነው።»

«አልከፋኝም።»

እውነቷን ነበር። አማቷ ግን ዳቦውን ትተው ትክ ብለው አዩዋት። ለአንድ አፍታ ነገሩ የገባቸው መሰላት። አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ሻይ ጨምሪልኝ ብለው ብርጭቋቸውን ገፋ አደረጉላት።

የጠበቃው ቢሮ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ የሚወርድ ሰው ካለ የሚወጣው ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወንበርና አንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ አለ፤ በየጥጉ ወገቡ በክር የታሠረ መዝገብ ተቆልሏል፤ አንገቱን እያወዛወዘ ከወረቀት በቀር ማንንም የማያቀዘቅዝ የአየር ማራገቢያም አለ። ጠበቃው አጭር፣ ሸምገል ያለ፣ በዚያ ሙቀት ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለው ባልና ሚስት ሲያፋታ በመሆኑ ለሰው ልጅ ያለው ግምት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስምምነቱን ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁን ሳይቀይር አነበበላቸው። ልጅ የላቸውም፤ የጋራ ዕዳ የላቸውም፤ ቤቱ ሚስት ከአባቷ የወረሰችው የግል ንብረቷ ነው፤ ባል በቤቱ ላይ ምንም ዓይነት መብት የለውም፣ ወደፊትም አይጠይቅም። እዚህ ላይ ሲደርስ ምክትሉ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ትናንት አንድ የቢሮ ባልደረባው፣ በሰው ቤት ላይ ያወጣኸውን ወጪ ዝም ብለህ አትተው ብሎት ነበር።

«የጓሮዋን ክፍል እኮ ያሠራሁት እኔ ነኝ» አለ።

ጠበቃው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ይጻፍ?»

«ብናስገባውስ ምን ይላል?»

«በቤቱ ላይ ድርሻ አለኝ ይላል። ድርሻ ያለው ሰው ደግሞ ቤት ያለው ሰው ነው።»

ከማራገቢያው በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ጥርስ ሠሪዋ ጥፍሯ ሥር የደረቀውን ጀሶ መፋቅ ያዘች፤ ቀና ብትል ፊቷ ያሳብቅባታል ብላ ፈርታለች። የአባቷ ቤት ዕጣ በዚያች ደቂቃ በአንድ ስስታም ሰው ሁለት ስስቶች መካከል ተንጠልጥሎ ነበር። ምክትሉ አንዱን ትቶ ሌላውን መምረጥ በሕይወቱ ገጥሞት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሁለቱንም ነው የሚወስደው። ጣሪያውን አየ፤ ከንፈሩን ላሰ፤ ሁለት ጣቱን አውጥቶ አንዱን አጠፈ። በመጨረሻ፣ ይቅር፣ ቤት የለኝም ነው የሚባለው አለ፤ ይህንንም ያለው ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው። ከዚያ ጉጉቱ ጨመረ። ስምምነቱ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከቤት ይወጣል የሚለው ነገር አልጣመውም። የመሥሪያ ቤቱ የቤት ኮሚቴ ተጠራጣሪ ነው፣ ሰው ልኮ ሊያጣራ ይችላል፣ ከዛሬ ጀምሮ ወጥቷል ተብሎ ይጻፍልኝ አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ?» አለ ጠበቃው።

«ከዛሬ።»

ጠበቃው ወር የሚለውን ሰርዞ ዛሬ ብሎ ጻፈና ወደ ሴትዮዋ ዞረ። የሚጨምሩት አለ ወይ አላት፤ የለኝም አለችው። የተጻፈው ገብቶዎታል አላት፤ አንድም ሳይቀር አለችው። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ተገለበጠና ሁለቱም ፈረሙ። ምክትሉ ፊርማው ሥር እንደ ልማዱ ሁለት መስመር አሰመረበት።

ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው ነበርና ቆመው ጠበቁ። አንዲት ሴት ከግድግዳ ጋር እየተነጋገረች ታለቅሳለች፤ ባሏ የሚመስለው ሰው ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ምክትሉ የጠዋቱን ፊት ለማምጣት እየታገለ በመሃል በመሃሉ በጆሮዋ ስለ አራተኛው ፎቅ ያወራላታል፤ ከአራተኛው ፎቅ ወንዙ ይታያል፣ አምስተኛው ግን አሳንሰር ሲበላሽ ያስቸግራል። ዳኛዋ ጉንፋን የያዛት ወጣት ሴት ናት። አፍንጫዋን እየጠረገች መዝገቡን ገለጠችና ከሦስት ወር በኋላም ሐሳባችሁ እንደጸና ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ምክትሉ መሀረቡን አወጣ። የዓይኑን ደረቅ ጥግ ጠረገ። ብዙ እንደታገሠ፣ ብዙ እንደመከረ፣ ነገር ግን የሴትዮዋ ጠባይ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ ተናገረ፤ ድምፁንም በልኩ ሰበር አደረገው። ዳኛዋ ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«ይህ እውነት ነው?»

«ጠባዬን አይቶት አያውቅም» አለች። «መፋታቱን ግን እፈልጋለሁ።»

«በፈቃድዎ ነው? ያስገደደዎት፣ ያግባባዎት ሰው የለም?»

«በፈቃዴ ነው። እሱ ባይጠይቀኝ ኖሮ እኔ እጠይቀው ነበር።»

ዳኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዝገቡ ቀና ብላ አየቻት። ምክትሉ መሀረቡን አፉ ላይ አደረገ፤ ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። ከዚያ ስምምነቱ ተነበበ፣ ጸደቀ፣ ማኅተም ተመታበት። ገብተው እስኪወጡ ሩብ ሰዓት አልሞላም። ከበሩ እንደወጡ ምክትሉ ክንዷን ቆንጠጥ አድርጎ፣ ጎበዝ፣ እንዲህ ትችያለሽ ብዬ አልጠበቅኩም አላት።

የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ፀሐይ ነበር። ምክትሉ ክራባቱን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ አሠረ፤ ምሳ ልጋብዝሽ አላት፣ ያ ዙሪያውን በመስታወት የተሠራው ምግብ ቤት፣ ከዚያ በዚያው ኮሚቴው ጋ ብቅ ብለው ወረቀቱን ያስገባሉ። ክርኗን ያዘ። እሷም ክርኗን ከእጁ አወጣች፤ ቀስ ብላ ነው ያወጣችው፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ የልክ መውሰጃውን ሰም ከደንበኛ አፍ እንደምታወጣው።

«ልብስህን ዛሬ ከሰዓት ውሰድ» አለችው። «ማታ ቤቱን የምቆልፈው እኔ ነኝ።»

ሳቀ። እዚህ እንኳ ማንም አያየንም፣ ይበቃል አላት። እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ተፋተዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ወጥቷል፤ ያስጻፈው ራሱ ነው አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ምክትሉ መጀመሪያ ግራ ቀኝ አየ፣ ሰው ሰምቶ እንደሆነ። ቀጥሎ ቀላ። ቀጥሎ ጠበቃው ቦርሳውን በብብቱ ይዞ ሲወርድ አየውና ዳኛ ያገኘ ይመስል ተጠመጠመበት፤ ይህችን ሴትዮ አንድ በሏት፣ ይህ ነገር ለምን እንደተደረገ እርስዎ ያውቃሉ አለው።

«እኔ የማውቀው የጻፍኩትን ነው» አለ ጠበቃው። «የጻፍኩት ደግሞ እርስዎ ያሉኝን ነው።» ለሴትዮዋ በአንገቱ ሰላምታ ሰጥቶ ቁልቁል ሄደ።

ምክትሉ ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ። እሷም ወዲያው አልሄደችም። ለምን እንደቆመች በኋላ ራሷን ጠይቃለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነውና አንድ ነገር እንዲል ጊዜ ልትሰጠው ፈልጋ ይሆናል፤ ምን በደልኩሽ ቢል፣ ቢሰድባት እንኳ፣ ከሁለት አንዱን ይዛ ትሄድ ነበር። ምክትሉ አሰበ፤ ሲያስብ እንደ ልማዱ ከንፈሩን ላሰ።

«ሕንፃው እኮ አራት ዓመት ይፈጃል» አላት። «እስከዚያ የት ልግባ?»

ታክሲ ይዛ ተመለሰች። ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ነገር አልመጣም። የመጣው ሀፍረት ነው፤ ሰው ከማይሆን ሰው ጋር ሲሄድ በአደባባይ ሲታይ የሚሰማው ዓይነት። ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፉትን ሴቶች እያየች ስንቶቹ እንዲህ ያለ ሰው ቤት አስቀምጠው እንደወጡ ገመተች። ሥራ ክፍሏ ገብታ ነጭ ካፖርቷን ለበሰች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጡረተኛ መምህር የተሠራላቸውን ጥርስ ሊለኩ መጡ። የላይኛውን አስገብታ አፍዎን ይግጠሙ፣ አሁን ይናገሩ አለቻቸው፤ ሰውዬው ከአንድ እስከ ሃያ ቆጠሩ፤ ዐሥራ ሰባት ላይ ጥርሱ ፏጨ። ጥቂት ሞረደችላቸው። በመሃል ምክትሉ በግቢው በር መግባቱን፣ ከዚያም የቁም ሣጥን በር ሲንጓጓ፣ መሳቢያ ሲወረወር ሰማች። መምህሩ ቤት ውስጥ ሰው አለ እንዴ አሏት። ዕቃ የሚወስድ ሰው ነው አለቻቸው።

መምህሩን ሸኝታ ወደ ውስጥ ስትገባ ምክትሉ አማቷ መኝታ ቤት በር ላይ ቆሟል፤ እግሩ ሥር ሁለት ሻንጣ አለ። የግድግዳውን ሰዓት ነቅሎ በብብቱ ይዞታል። አማቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ጫማቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ምክትሉ ጥርስ ሠሪዋን እንዳላያት ሆነ። እማ፣ ተነሺ እንጂ ይላል፤ ለጊዜው እህቴ ቤት እንገባለን ይላል። የእህቱ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ባልና አራት ልጆች አሉበት።

«እዚያ የት ነው የምተኛው?» አሉ አሮጊቷ።

«ከልጆቹ ጋር። ለጊዜው ነው አልኩሽ፣ ሕንፃው እስኪያልቅ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

ሰዓቱን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ። አማቷ ሻንጣዎቹን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ በብብቱ ያለውን ሰዓት አዩ። ከዚያ ምራታቸውን፣ አሁን ግን ምራታቸው ያልሆነችውን ሴት፣ ከበሩ ወዲህ ቆማ አገኟት።

«ልጄ» አሏት፤ በሰባት ዓመት የመጀመሪያው ነው። «እኔ የፈረምኩት ነገር አለ?»

«እርስዎ አልፈረሙም።»

«እንግዲያው» አሉና አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፤ አንዱን ከአንዱ ጎን አስተካክለው አልጋው ሥር ገፉት፤ እግራቸውንም ሰቅለው ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ምክትሉ ሁለት ሻንጣና አንድ ሰዓት በሁለት እጅ እንዴት እንደሚያዝ ሲቸገር ጊዜ ወሰደበት። ማንም አላገዘውም። በመጨረሻ ሰዓቱን በአገጩና በትከሻው መሃል አጣብቆ፣ በጎን እየተራመደ ወጣ። የግቢው በር ተዘጋ። ጥርስ ሠሪዋ ሄዳ ቆለፈችውና ተመለሰች። አሮጊቷን ውጡ ልትላቸው ትችል ነበር፤ አልወደደቻቸውም፣ ይቅርም አላለቻቸውም። ግን ለዛሬ አንድ ሰው ማስወጣት በቅቷታል፤ ደግሞ እኒህ ቢያንስ መጠየቅ ያለበትን ነገር ለይተው ይጠይቃሉ።

«አባቱም እንዲሁ ነበር» አሉ አማቷ መጋረጃውን እያዩ። «ብልጥ ነኝ እንዳለ አረጀ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

አሮጊቷ በጥያቄው ሞኝነት ተገርመው አዩዋት።

«ብነግርሽ መች ታገቢው ነበር?» አሉና ራት ምን እንዳለ ጠየቋት።